የነዳጁ ክዳን

ውድ ወንድሜ፣

ደህና ነህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ስትዘጋው ደህንነትህን ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ስምንት ጊዜ ደወልኩ፣ አላነሳህም። ደብዳቤ ግን ጆሮ ላይ አይዘጋም፤ ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው ታነበኛለህ።

አባባ ካረፈ በወሩ የመኪናዋን ቁልፍ እጄ ላይ ጥለህ ወደዚያ ከተማ ከሄድክ ሦስት ዓመት ሞላህ። «ውሰጃት እታለም፣ እኔ አልፈልጋትም» ነበር ያልከው። እኔ ሞኟ፣ ደግነት መስሎኝ ለጎረቤቱ ሁሉ አወራሁልህ። በሳምንቱ ዳሽቦርዱ ላይ ያቺ ቢጫ የሞተር ምልክት በራች።

የመጀመሪያው መካኒክ ኮምፒውተሩን ሰክቶ «ሴንሰር ነው» አለኝ። አስቀየርኩ። መብራቷ አራት ቀን ጠፍታ በአምስተኛው ከች አለች። ሁለተኛው «ማን ነው ሴንሰር ያለሽ? ካንዴላ ነው እንጂ» ብሎ ሳቀብኝ። ካንዴላውንም አስቀየርኩ። ሦስተኛው ከሥሯ ገብቶ ግማሽ ቀን ተኝቶ ወጣና «ማርሚታው አልቆለታል» አለ፤ የጭስ ማውጫውን ማለቱ ነው። ለማርሚታው ብዬ ኦቨርሎኬን ሸጥኩ። የተማሪዎቹን ዩኒፎርም ጠርዝ የምዘመዝምበትን፣ አባባ የገዛልኝን ማሽን። አሁን ጠርዙን በእጄ ነው የምሰፋው፤ ጣቶቼን ብታያቸው ወንፊት ሆነዋል።

ማርሚታው ተቀይሮ ስምንት ቀን በሰላም ነዳሁ። በዘጠነኛው፣ ዩኒፎርሙን ለትምህርት ቤቱ ላደርስ ስሄድ መንገድ ላይ ቦግ አለች። መሪውን በጡጫ ስነርተው ከጎኔ የቆመው ሹፌር ፈርቶኝ መስኮቱን ዘጋ።

ባለፈው ማክሰኞ ሰዎች አንድ ሽማግሌ መካኒክ ጠቁመውኝ ሄድኩ። ሰውየው ኮፈኑን እንኳ አልከፈተም። ከኮምፒውተሩ የወጣውን ወረቀት አነበበ፣ ዞሮ የነዳጁን ክዳን ፈታ፣ አገላብጦ አየው።

«ልጄ፣ ይሄ የሌላ መኪና ክዳን ነው። ስለማይገጥም የቤንዚኑ ትነት ያመልጣል። መብራቷ ሦስት ዓመት ሙሉ ይሄንኑ ነው ስትነግርሽ የኖረችው።»

ትክክለኛውን ክዳን ከመደርደሪያ አውርዶ ገጠመልኝ። ዋጋውን ስሰማ መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ከዚያ እዚያው የዘይት ጀሪካን ላይ ቁጭ ብዬ ኦቨርሎኬን አለቀስኩ።

ልሰድብህ ነው የደወልኩት። ክዳኑን ስጠይቅህ ዘና ብለህ «እሱማ ዋናው ጠፍቶብኝ ነው፤ ማደያ ላይ የመኪናዋ ጣሪያ ላይ አስቀምጬ ረሳሁት» አልከኝ።

«መቼ?» አልኩህ።

ደግሜ ጠየቅኩህ።

«አባባን ሐኪም ቤት የወሰድኩ ቀን።»

«ነፍሱ የምትወጣ ሰው ይዘህ ማደያ ምን ትሠራለህ?» ብዬ ጮህኩብህ።

«ነዳጅ አልነበራትማ፣ እታለም» አልክና ዘጋኸው።

ስልኩን እንደያዝኩ ጋራዡ መሐል ሁሉም ትዝ አለኝ። አባባን ሐኪም ቤት ከመውሰድህ በፊት በነበረው ቀን መኪናዋን የነዳኋት እኔ ነኝ። ጨርቅ ላመጣ ብዬ ከተማውን ሳካልል ውዬ፣ የነዳጁ መብራት እየበራ አምጥቼ አቆምኳት። ነገ ይቀዳባታል ብዬ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ጭራሽ ረስቼው ነበር።

አንተ ግን ማን እንደነዳት ታውቅ ነበር፤ አልረሳኸውም። ያን ዕለት እኔ ከሱቄ ሮጬ ሐኪም ቤቱ በር ላይ ስጠብቃችሁ ዘገያችሁብኝ፤ ስትደርሱም አባባ በሕይወት አልነበረም። ለቅሶው ላይ አክስታችንና ዘመድ አዝማዱ ሁሉ በተቀመጠበት «እየተጎተትክ ገደልከው» አልኩህ። አንተ ጫማህን ታይ ነበር። አንዲት ቃል አልወጣህም። አክስታችን ከዚያ ቀን ጀምራ ሰላም አትልህም። ከተማችንን ለቀህ የሄድከው ለሥራ መስሎኝ ነበር፣ እንዴት ያለሁ ደንቆሮ ነኝ።

ማን ለመነህ? ታላቅህ እኔ ነኝ፤ አንተን ማን ጠባቂዬ አደረገህ? «ነዳጁን የጨረስሽው አንቺ ነሽ» ማለት ምን ያህል ይከብድ ነበር? አንገቴን እደፋ ነበር፣ ምናልባትም አብድ ነበር፣ ግን ወንድም ይኖረኝ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ስረግምህ አፌን ሳትይዘኝ፣ በየበዓሉ ሳልደውልልህ ስቀር አንድ ቀን እንኳ ሳትቆጣኝ ኖርክ። ለኔ አዝነህ እንደሆነ አውቃለሁ። እሱው ነው የሚያንገበግበኝ። ይህን ስጽፍልህ በንዴት ብዕሩ ሁለት ቦታ ወረቀቱን ቀዶታል። ባንተ ተናድጃለሁ፣ በራሴ ግን ይብሳል።

ትናንት አክስታችን ቤት ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት። «ታንኩን ባዶ ያደረግኩት እኔ ነኝ» አልኳት። «ታዲያ ለሱ ንገሪው እንጂ እኔ ምን ላድርግሽ» አለችኝ። ስወጣ ግን በሩ ላይ ጠርታ ስልክ ቁጥርህን ተቀበለችኝ። ከደወለች አንሳላት።

ይቅርታውን እዚህ አልጽፈውም። በደብዳቤ ይቅርታ ማለት ስልክ ጆሮ ላይ ከመዝጋት አይሻልም። የፊታችን ቅዳሜ በዚያችው መኪና እመጣለሁ። መብራቷ ጠፍቷል፣ ታንኩም ሙሉ ነው። በርህ ላይ ቆሜ አንድ ነገር ብቻ እጠይቅሃለሁ፤ አባባን ይዘህ ማደያው ላይ ስንት ደቂቃ እንደቆምክ ትነግረኛለህ። አንዲት ደቂቃ እንዳትቀንስልኝ።

እህትህ፣
ነዳጁን የጨረስኩት