በግራ በኩል የሚመጣው ማንጎ

ግንቦት 3፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት

ሩጫ አልቋል። እስከ ኤርፖርቱ መታጠፊያ ደርሼ ተመለስኩ። ገመድ መዝለል፣ ከረጢት መደብደብ፣ ከዚያ ማንጎ። የኛ ቦክስ ጂም ነገር! ሌላው በኳስ የሚያሠራውን ኮች በማንጎ ያሠራናል። ከዛፉ ሥር የወደቀውን ይለቅምና አንዴ ከቀኝ፣ አንዴ ከግራ ወደ ጭንቅላታችን ይወረውራል። እኛ እግር ሳናነሳ ጎንበስ ብለን ማሳለፍ ነው። አሶሳ ማንጎ ሞልቷል፣ ኳስ የለም።

ዛሬ በግራ የመጣው ጆሮዬ ላይ ፈነዳ። ቀጥሎ የመጣውም። ኢድሪስ ሳቀብኝ፣ ጁስ ቤት ክፈቺ አለኝ። (ኢድሪስ የ60 ኪሎው ነው፣ ስፓሪንግ፣ የልምምድ ቡጢ፣ የምሠራው ከሱ ጋር ነው።) እኔም አብሬ ሳቅኩ።

ላንቺ ለደብተሬ ግን ልንገርሽ። አላየሁትም። ዘግይቼ አይደለም። ማንጎው የለም፣ የለም፣ ከዚያ ጆሮዬ ላይ ነው።

ከሰሞኑ በግራ ዓይኔ ዝንብ የመሰለ ጥቁር ነገር ይዞራል። አንዳንዴም መብረቅ ብልጭ ይልብኛል፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ። ፈርቻለሁ።

ግንቦት 5፣ ሐሙስ

ዝንቦቹ አልሄዱም። ጭራሽ ከጥግ በኩል ጥላ መጣ፣ መጋረጃ በትንሹ እንደተሳበ። ቀኝ ዓይኔን ስሸፍን የበሩ ግማሽ የለም። ስገልጥ በሩ አለ። ስሸፍን የለም። ጠዋቱን ሙሉ እንዲህ ሳደርግ ዋልኩ፣ እንደ እብድ።

ግጥሚያው የወሩ መጨረሻ ላይ ነው፣ አ/አ። ከኬንያዋ ጋር። ካሸነፍኩ ቀጣዩ ለቀበቶ ነው። ፕሮፌሽናል ከሆንኩ ጀምሮ የጠበቅኩት ይሄንን ነው። እምቢ ያለች ሴት ቦክሰኛን ደግሞ የሚጠራ አዘጋጅ የለም። ስንት ነን እኛ? ስንት ግጥሚያ አለ? እና የኬንያዋ ስሟ የወጣው በቀኝ እጇ ነው። ቀኝ እጇ በየት በኩል ነው የሚመጣብኝ? በግራዬ። በዚያ በሌለው በር።

ከግጥሚያው በፊት ሐኪም ያየናል። አስቤበታለሁ። ቀኝ ዓይንሽን ሸፍኚ ሲለኝ በጣቶቼ መሀል አሾልኬ አያለሁ። ዓይን ያወጣ ውሸት ይሏል ይሄ ነው። ሳቄ መጣ። ከዚያ አለቀስኩ።

ለኮች አልነግረውም። በቃ።

ግንቦት 8፣ እሁድ፣ ባምባሲ

እማ ጋ ነኝ። እማ በልጅነቷ በሰፈራ ከወሎ የመጣች ናት። ቦክስ ስጀምር፣ ሴት ልጅ ደግሞ ትደባደባለች ወይ ብላ እህል አልቀምስም ያለች ሴትዮ ናት። አሁን ገበያ ውስጥ በቴሌቪዥን የምትታየው የኔ ልጅ ናት እያለች መንገድ ታስለቅቃለች።

መርፌ ይዛ ጠበቀችኝ። ዓይኗ ስለደከመ ክር የማስገባላት ሁሌም እኔ ነኝ። ዛሬ አልገባም። ክሩ በመርፌው ጎን ያልፋል። እንደገና። እንደገና። ላቤ መጣ። እጄ ቡጢ ለምዶ እኮ ነው አልኳት። መርፌውን ከእጄ ወስዳ ቀሚሷ ላይ ሰካችው።

ስወጣ የሁልጊዜዋን አለችኝ፦ ፈሪ ለእናቱ። ሌላ ጊዜ ታናድደኛለች ይቺ ተረት፣ ምን ቆርጦኝ ነው እኔ ፈሪ እላታለሁ። ዛሬ አንገቷ ውስጥ ገብቼ ቆየሁ። አላህ ይጠብቅሽ የኔ ሀዋ አለችኝ።

ግንቦት 10፣ ማክሰኞ

ዛሬ አንድም ማንጎ አልነካኝም! አንድም! ጎበዝ አንተ፣ አለኝ ኮች። ዝንቦቹ ባይሄዱም ልቤ መለስ አለ። ኮች ዛሬ በቀኜ ብቻ ነበር የቆመው። ኢድሪስን ግን ከሁለቱም በኩል ሲደበድበው ዋለ።

ይሄን "አንተ" ነግሬሽ አላውቅም። ኮች የሆሞሻ ሰው ነው፣ አፉን የፈታው በበርታ ቋንቋ ነው። አማርኛው ውስጥ አንቺ የሚባል ነገር አልገባም፤ ሁላችንም አንተ ነን። ሚስቱን እንኳ "እሱ ገበያ ሄዷል" ነው የሚላት። አንቺ በል እንጂ ኮች፣ እለዋለሁ። ማዓሌሽ፣ ይላል፣ ይቅርታ ማለቱ ነው፣ ወዲያው አንተ። አንዴ አ/አ እኔና አንዷ ስንቧቀስ፣ በለው! ደክሞታል! ብሎ ሲጮህ አዳራሹ በሳቅ አለቀ። ለዚህ ነው አንቺን አንቺ የምልሽ። አንድ ቦታ እንኳ ይኑር ይሄ ቃል።

ግንቦት 14፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት

ጉድ ሰማሁ። ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ጓንት ሳሰጣ ኮች በስልክ ያወራል። ከማን ጋር እንደሆነ እንጃ። ቃል በቃል ይሄው፦ "ግራ ዓይኑ አያይም። በማንጎ ሞከርኩት፣ አላየም። እኔ አልናገርም፣ ራሱ ይናገር። ወላሂ እፈራለሁ። ልጄ ነው።"

ኢድሪስ! ባለፈው ግራ ቅንድቡ ተሰንጥቆ ተሰፍቶ ነበር። ምስኪን። እንደዚያ እየሳቀ ለካ...

እና ታውቂያለሽ፣ ማፈሪያ ነኝ። ቀለል አለኝ። ብቻዬን አይደለሁም ብዬ ቀለል አለኝ።

ግንቦት 17፣ ማክሰኞ፣ ማታ

ኢድሪስን ሻይ ልጋብዝህ ብዬ ወሰድኩት። ዙሪያ ጥምጥም ስሄድበት አልገባው አለ። በመጨረሻ ዓይንህን እንዴት ነህ አልኩት። ደህና አለኝ። ቀኙን ሸፈነና ከመንገዱ ማዶ ያለውን የፋርማሲ ታፔላ አነበበልኝ፣ ታች ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ ሳይቀር። ማን ምን አለሽ? አለኝ። ኮች፣ በስልክ፣ ግራ ዓይኑ አያይም ሲል ሰማሁት አልኩ።

ግራ ዓይኔን አየው። ከዚያ ቀስ ብሎ፦ "ኮች እሷ ብሎ ያውቃል እንዴ?"

ሻዩን አስቀመጥኩት። ስንት ዓመት ሙሉ ያረምኩት ሰውዬ! ሰው የሚሰማው የፈለገውን ነው።

ያውቃል። ለዚህ ነው በቀኜ ብቻ የቆመው። ያውቃል፣ ዝም ብሎ ያየኛል። ተናደድኩ። ሊያጋልጠኝ ነው? ወይስ ዓይኔ እስኪጠፋ ሊጠብቅ? እንቅልፍ የለም። ጥላው እስከ መሀል ደርሷል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ግንቦት 19፣ ሐሙስ

ጠዋት ቀድሜ ገባሁ። ኮች ማንጎ ይለቅማል። በቀኜ ሊቆም ሲል ዞርኩበት። በግራ ወርውር አልኩት።

አልወረወረም። ማንጎውን ይዞ ቆመ። በግራ ዓይኔ ሳየው ፊቱ የለም፣ እግሩ ብቻ ነው ያለው። ወርውር! ጮህኩበት። እጁ አልተነሳም። ያኔ ቁጭ አልኩ። አላይም ኮች፣ አልኩት። በግራዬ አላይም። ከአፌ ወጣ።

መሬት ላይ አጠገቤ ተቀመጠ። ማንጎውን ልጦ ሰጠኝ። አልቅሼ ስጨርስ፣ ለምን ዝም አልክ አልኩት። ድሮ ዓይኑ የታመመ አንዱን ልጅ እሱ ራሱ ከግጥሚያ አስወጥቶት ነበር አለኝ። ልጁ ሌላ አሰልጣኝ ጋ ሄዶ ተጫወተ። ዛሬ በዘንግ ነው የሚሄደው። ከራስህ አፍ ካልወጣ ትሮጥብኛለህ ብዬ ነው፣ አለ። ባትናገር ግን የሐኪሙ ቀን እኔ ነበርኩ የምናገር፣ ኸላስ፣ በቃ፣ እንድትጠላኝም ቆርጬ ነበር።

የማንጎው ጭማቂና እንባዬ ተደባልቆ ክንዴ ላይ ፈሰሰ።

ግንቦት 20፣ ዓርብ

ሆ/ል። ሐኪሟ በመብራት አየችኝ፣ ብዙ ቆየች። ከዓይኔ ኋላ ያለው ስስ ሽፋን እየተላቀቀ ነው አለች። በቶሎ አ/አ፣ ኦፕራሲዮን። ቡጢ ቀርቶ ሩጫም እንዳታስቢ። ይድናል ወይ? ቃል አልገባልሽም አለችኝ። ሌላ ቡጢ ቢያገኝሽ ግን ያን ጊዜ አልቋል።

ለአዘጋጁ የደወልኩት እኔ ነኝ። ኮች ልደውል ሲል ስልኩን ቀማሁት። አልጫወትም አልኩ። ከዚያ ወዲያ እሱ ያለውን እንጃ፣ ጆሮዬ ጭው ብሏል። ቀበቶው ሄደ። ምናልባት ሁሉም ሄደ። እኔ ቦክሰኛ ካልሆንኩ ማን ነኝ? ንገሪኝ እስቲ።

ለእማም ደወልኩ። እሪ ትላለች ብዬ ነበር። የመርፌው ቀን ነው ያወቅኩት አለች። ሁሉም ያውቃል ማለት ነው፣ ሁሉም ይፈራል፣ ብቻዬን የምፈራ መስሎኝ ነበር። ፈሪ ለእናቱ፣ አልኳት እኔው። አሜን አለች።

ግንቦት 21፣ ቅዳሜ፣ ንጋት

ቦርሳ ተዘጋጅቷል። ጓንቴን አውጥቼ፣ መልሼ ከትቼ፣ አወጣሁት። ምስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል። አላየውም።

ፈርቻለሁ። ሪንግ ውስጥ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። ሪንግ ውስጥ ቢያንስ የምትመታሽን ታያታለሽ።

ኮች አብሮኝ ይሄዳል። አውቶቡሱ ላይ በግራህ እቀመጣለሁ አለኝ፣ ግራውን እኔ አያለሁ፣ አንተ ቀኙን።

መጣ መሰለኝ። በሩ እየተመታ ነው። አንተ! ሀዋ! ተነሳ፣ መኪናው ሊሄድ ነው ይላል። አንቺ በል ልለው አፌን ከፍቼ

ተውኩት። መጣሁ ኮች፣ መጣሁ።