እማዬ የተመሰገነችበት ቀን

ለምወድሽ እህቴ ለአክበረት ዘርኡ፤

እንደምን ሰነበትሽ እታለሜ? የአሰብ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ባለቤትሽ ፈቀደስ ደህና ነው? ልጆቹስ? የትንሿ ሳል ለቀቃት ወይ? እማዬና አባባ በጤና አሉ። እኛም ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን ብዬ ብጀምር ደስ ባለኝ ነበር። ይህን ወረቀት ግን ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። በፖስታ መላኩን ስለፈራሁ ነው ሾፌሩ አብዱልሃሚድ በእጅሽ እንዲያስረክብሽ አደራ ያልኩት።

ባለፈው ሳምንት አንድ የቀበሌ ሰው በራችንን አንኳኩቶ፣ እሑድ የዘማች ወላጆች የሚመሰገኑበት ቀን ስለሆነ አቶ ዘርኡና ወይዘሮ ትርሓስ በአዳራሹ እንዲገኙ ብሎን ሄደ። እማዬን ብታያት! ወንድማችን ካላዩ ከዘመተ ወዲህ ፊቷ እንደዚያ ፈክቶ አላየሁም። የካላዩ ደብዳቤ ከቀረ ብዙ ቢቆይም፣ "ልጄን ባያውቁት ኖሮ እኔን መች ይጠሩኝ ነበር" አለችና የሐበሻ ቀሚሷን ከሻንጣ አውጥታ ፀሐይ ላይ አሰጣችው።

ከዚያ ለጎረቤታችን ለእትዬ ነጂባ ልትነግር ሮጠች። ታውቂ የለ፣ የእሳቸው ልጅና የእኛ ካላዩ ከምኒልክ አደባባይ በአንድ መኪና ነው የተጫኑት። እትዬ ነጂባ ግን አልተጠሩም። "የእኔስ ልጅ ልጅ አይደለም? ባለፈው ሳምንት እንኳ ጽፎልኛል" ብለው አለቀሱ። እማዬ አዝናላቸው ቀበሌ ድረስ ሄዳ "ረስታችኋቸዋል" ብትል፣ ጸሐፊው ቀና ብሎ ሳያያት "አልረሳናቸውም፤ የእሳቸው ተራ አልደረሰም" አላት። አባባ ከወርቅ ቤቱ ለምሳ መጥቶ ነበርና ይህንኑ ነገረችው። የጎረሰውን ሳይውጥ ተነሥቶ ወጣ። ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል ሲወርድ ያገኙት ሰዎች ሰላምታ እንኳ አልመለሰልንም አሉ።

እሑድ ሦስታችንም ሄድን። አዳራሹ በቀይ ጨርቅ አጊጧል፣ የማርሽ ሙዚቃ በድምፅ ማጉያ ይጮኻል። የተጠራነው ሰዎች ግን የፊቱን ወንበሮች እንኳ አልሞላንም። ከሰፈራችን ስንት ልጅ እንደዘመተ አንቺም ታውቂያለሽ። የቀበሌው ሊቀመንበር ብዙ ተናገረ። "እናንተ የጀግና ወላጆች ናችሁ፤ አገር ታመሰግናችኋለች" አለ። ልጆቹ የት እንዳሉ ግን አንድ ቃል አልወጣውም። ከዚያ ስም እየጠሩ ብርድ ልብስ ያድሉ ጀመር። እማዬ ስሟ ሲጠራ እልል ብላ ተነሣች። ብቻዋን ነው እልል ያለችው እታለሜ፤ የተቀበላት ሰው የለም። ብርድ ልብሱን የሰጣትን ሰውዬ፣ "ልጄ መቼ ነው ለእረፍት የሚመጣው?" አለችው። ሰውዬው ዞር ብሎ ሊቀመንበሩን አየ። ሊቀመንበሩ "በቅርቡ ይነገርዎታል እናቴ" ብሎ ቀጣዩን ስም ጠራ።

ከጎኔ የተቀመጡት ከጊዮርጊስ በታች የሚኖሩት ወይዘሮ ወይንሸት ነበሩ። ጥቁር ሻሽ አስረዋል። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው "እናትሽ አልተነገራቸውም እንዴ?" አሉኝ። "ምኑ?" አልኳቸው። እጄን ያዝ አደረጉና ስብሰባው እስኪያልቅ አልለቀቁኝም።

ቤት ስንገባ አባባን ጓሮ ወስጄ ነገርኩት። ያውቅ ኖሯል። የእትዬ ነጂባን ነገር የሰማ ዕለት ጠርጥሮ ወደ ጓደኛው ወደ አቶ ገብረትንሣኤ ሄዷል። እሳቸውም የሚያውቁትን ሰው ለምነው፣ የካላዩ መርዶ ቀበሌ ከደረሰ እንደቆየ፣ ነገር ግን እስኪፈቀድ ድረስ ልቅሶ መቀመጥ እንደተከለከለ፣ ለእሑድ የተጠሩትም ልጃቸው የሞተባቸው ብቻ እንደሆኑ ነገሩት። "ታዲያ ለምን ወሰድካት?" ብዬ ስጠይቀው፣ "ብንቀር ለምን ቀራችሁ ይሉናል። ብነግራት ትጮኻለች። ከጮኸች ደግሞ አንቺንም አይተዉልኝም" አለኝ።

ወንድማችን የለም እታለሜ። እኔም አሁን ስጽፈው ነው ያመንኩት።

አባባ ያላንቺ አይነገራትም ብሏል። ለመምጣት የይለፍ ወረቀት ስትጠይቂ የካላዩን ስም እንዳታነሺ። ለእማዬም "ሰው ሁሉ ሲያመሰግናችሁ እኔ ስለቀረሁ፣ ላመሰግናችሁ መጣሁ" በያት፤ ታምንሻለች። ብቻ ቶሎ ድረሺ። ዛሬ ጠዋት የቀበሌው ጸሐፊ በራችን ፊት ቆሞ የሚገባ የሚወጣውን ሲያይ ነበር። እትዬ ነጂባም ገብቷቸዋል መሰለኝ፣ እማዬን ሲያዩ መንገድ ይቀይራሉ። እማዬ ደግሞ ነገ ተመልሼ ቀበሌ ሄጄ አድራሻውን እጠይቃለሁ ትላለች። እንዴት አድርጌ እንደማስቀራት አላውቅም።

ለፈቀደ አክብሮቴን ንገሪልኝ፤ ልጆቹን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። አባባ በሰላም ያግባሽ ይልሻል። እማዬ ላንቺ እየጻፍኩ መሆኑን ስላየች፣ ናፍቀሽኛል በይልኝ፣ ካላዩም ሲመጣ አብረን እንሆናለን በይልኝ ብላለች። ሹራብ ጀምራለታለች። ክንዱ የአባቱን ያህል ነው ብላ እጅጌውን በአባባ ክንድ ላይ ለካችው። አባባም ለክታ እስክትጨርስ እጁን ዘርግቶላት ቆመ።

እህትሽ ዓለምጸሃይ ዘርኡ
አዲስ አበባ፣ ፒያሳ
ኅዳር 3 ቀን 1978 ዓ.ም.