ምህረት ማፑን ስታለዝብ

ማክሰኞ

"ማፑ ፖዘቲቭ አይደለም!" ብላ ልጄ ምህረት እያለቀሰች ገባች። ስፌት መኪናዬ ላይ ነበርኩ፤ መርፌው ጣቴን ሊወጋኝ! የማስተርስ ዲፌንሷ፣ ሥራዋን ፈታኞች ፊት የምታቀርብበት፣ ዓርብ ነው። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍ፣ አጎቴን ከአገር ቤት፣ ከገሱባ ጠርቼ፣ ለሰፈሩ ሁሉ አውርቼ ጨርሻለሁ።

"እስቲ እንደ ሰው አስረጂኝ" አልኳት። እንዳስረዳችኝ፣ ሁለት ደቃቅ ቅንጣቶች አሉ። አንዳንዴ ተራርቀውም የተጠላለፉ ናቸው፤ አንዱን ያለሌላው መግለጽ አይቻልም። በቁጥር ሰንጠረዥ ይጻፉና፣ ማፕ የሚባል ሂሳብ አንደኛው ላይ ብቻ ይሠራል። ውጤቱ ከዜሮ በታች ከወረደ ተጠላልፈዋል። ግን ማፑ ለብቻው ያለውን ቅንጣት ከዜሮ በታች ማውረድ የለበትም፤ ፖዘቲቭ የሚባለው ያኔ ነው። የሷ አወረደ!

"ንጹሑንም ይከሳል፣ እማ" አለች። ምሳም አልበላችም።

ረቡዕ

አድቫይዘሯ አልተቆጣም፣ ተመስገን። "አንዷን ቁጥር ከፍ አድርጊ፣ ማፑ ይለዝባል" አላት። ችግሩ፣ ከመጠን በላይ ከለዘበ ማንንም አይከስም፤ የተጠላለፈውም ዝም ብሎ ያልፋል። ሥራዋ ሁሉ ያረፈው ደግሞ በአንድ ተንኮለኛ ጥንድ ላይ ነው። ሁሉም የሚያውቀው መፈተኛ ሳይዘው ያመለጠ ነው። እሱን ካልያዘች ዓርብ የለም።

የዓርቡን ቀሚሷን በዱንጉዛ፣ በአገራችን ባለቀለም ሸማ፣ ሰፍቼ ጨረስኩ። ለምን እንደሰፋሁት እንጃ። አጎቴን አትምጣ ልለው ደወልኩ። "ቅቤው ተጭኗል" ብሎ ዘጋብኝ።

ሐሙስ

ያዘችው!!!

ጩኸት ሰምቼ እባብ ነው ብዬ ዱላ ይዤ ገባሁ። "ኔጋቲቭ ወጣ፣ እማ!" እያለች ትዘላለች። ከዜሮ በታች ትንሽዬ ብቻ፤ ግን ወርዷል! ንጹሑንም እንደማይከስ በወረቀት አረጋገጠች፣ አድቫይዘሯም አየው። ተቃቅፈን ዘለልን፣ በዚህ ጉልበቴ!

አጎቴ ከነቅቤው ደረሰ። "ማንን ነው የያዘችው?" አለ።

"የተጠላለፈ ጥንድ፣ ተደብቆ የኖረ።"

"ታዲያ ሽማግሌ ልከው በወግ አይጋቡም?"

ዓርብ

ዱንጉዛዋን ለብሳ ፈታኞቹ ፊት ቆመች፤ እኔና አጎቴ ከኋላ ተቀመጥን።

አንዱ ፈታኝ ፊቱን የማይፈታ ሰውዬ ነው። "ማፕሽ የተጠላለፈውን ሁሉ ይይዛል?" አላት። "አይይዝም፤ ከሱም የሚያመልጥ አለ" አለች። አዎ ብትል ምን ነበረበት ብዬ ነጠላዬን ነከስኩ። እሱ ግን ጻፍ ጻፍ አደረገ።

ሰብሳቢው "ከታዳሚ ጥያቄ ያለው?" ሲል አጎቴ ብድግ! ጀመረ በወላይትኛ "ጦሲ አንጆ..." እግዜር ይባርክ እያለ ሊመርቃት።

"አባቴ፣ ጥያቄ ነው ያልኩት።"

"ጥያቄ የለኝም። ምርቃት ነው ያለኝ።"

ውጤት እንኳ ሳይነገር! አዳራሹ ተነስቶ አሜን አለ፤ ያ ፊቱን የማይፈታውም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ከዚያ ሁላችንንም አስወጡን። ኮሪደሩ ላይ ምህረት እጄን ጨምቃ ይዛ፣ እኔ ተጽዕኖ አደረጉ ቢሉስ እያልኩ፣ አጎቴ ግን ግድግዳ ተደግፎ ያንጎላጃል።

በሩ ተከፈተ። ያ ፊቱን የማይፈታው ፈታኝ መጀመሪያ አጎቴን ጨበጠው። "አልፋለች፣ አባቴ" አለው።

"እሱንማ ነግሬያችሁ የለ!"

አሁን ምህረት ከነጫማዋ ተኝታለች። ያን ከሷ ማፕም የሚያመልጠውን ጥንድ ማን እንደሚይዘው ልጠይቃት ፈልጌ ነበር። ይሁን፣ ትተኛ።