አራተኛው ክር

ውድ ፕሮፌሰር፣

"ውድ" ያልኩህ ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው፤ ሌላ ትርጉም እንዳትሰጠው። "ፕሮፌሰር"ም ቢሆን አባዬ ያወጣልህ የቀልድ ስም እንጂ ማዕረግ እንዳልሆነ ከእኔና ከእማዬ በቀር የሚያስታውስ የቀረ አይመስለኝም። መነጽርህን በጣትህ እየገፋህ፣ ሰው ንግግሩን ሳይጨርስ "ገባኝ፣ ገባኝ" ስለምትል ነበር። እስከ ዛሬ የገባህ ነገር የለም።

የላክኸው ወረቀት ደርሶኛል፤ ማኅተም ያለበት፣ ስምህ ከላይ በትልቁ የታተመበት። የአባዬ ቅኝት ፋይል "የአሥር ዓመት ጥናትህ ውጤት" መሆኑን በፊርማዬ እንዳረጋግጥልህ ትጠይቀኛለህ። በዚህ ሥራ ሊሸልሙህ ያሰቡት የሽልማቱ አዘጋጆች ከቤተሰቡ ቃል ካልመጣ አይሆንም ብለውሃል መሰለኝ። ዓይንህን በጨው አጥበህ ነው የጻፍከው። እኛ ቤት የተመላለስከው አራት ወር ነው፤ የዚያንም ግማሽ ሶፋው ላይ አፍህን ከፍተህ ተኝተህበታል። አንተን ብሎ ተመራማሪ።

እስቲ ከረሳኸው ላስታውስህ። አባዬ በሞተ በሁለተኛው ዓመት ላፕቶፕህን አቅፈህ መጣህ። በገዛ እጁ ጠርቦ የሠራው ባለ ስድስት ክር መሣሪያ ቤት ስንቀይር ተሰባብሮ፣ የቀሩን እሱ እየተጫወተ የቀዳቸው አምስት ካሴቶች ብቻ ነበሩ። ኮምፒውተር ውስጥ የመሣሪያ ድምፅ የሚፈጥር ሲንተሳይዘር አለኝ፣ እያንዳንዱን ቁልፍ እንደፈለግን መቃኘት እንችላለን፣ የአባትሽን መሣሪያ ከነድምፁ እንመልሰዋለን አልከኝ። አመንኩህ። የመጀመሪያ ቀን ፕሮግራሙን በመጣበት በፒያኖው ቅኝት ከፍተህ የአባዬን ዘፈን ስትጫወት፣ እማዬ ከጓዳ ብቅ ብላ "ይሄ ስልክ ላይ ይጠብቁ ሲሉን የሚያሰሙን ነው?" ብላ ጠየቀችህ። አንተ ሙገሳ መስሎህ ሳቅህ።

ችግሩ ቀላል ነበር። ፒያኖ ላይ ሁለት ጎረቤታም ቁልፎች አሉ፤ አባዬ የሚያድረው በመሃላቸው ነው። ያን መሃል መፈለግ የእኔ ሥራ ሆነ። እኔ ክሊኒክ ውስጥ የሰው ጆሮ የምመረምር ሰው ነኝ። ቀኑን ሙሉ ሰዎችን መስታወት ክፍል አስቀምጬ "ድምፁን ሲሰሙ እጅዎን ያንሱ" ስል እውላለሁ፤ ስለዚህ ጆሮዬ አይዋሽም። ከሥራ መልስ ካሴቱን እያጠነጠንኩ፣ ከአንዱ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ያለውን ርቀት መቶ ቦታ ከፍዬ፣ ስክሪኑ ላይ ያለችውን ነጥብ አንድ በአንድ አንቀሳቅስ ነበር። ሦስተኛው ክር አሥራ አንድ ከፍ ይላል። አምስተኛው ሰባት ዝቅ። አራተኛው ሃያ ሦስት ዝቅ። ደብተር ላይ ስጽፍ አንተ ትከሻዬ ላይ ጎንበስ ብለህ "ገባኝ፣ ገባኝ" ትላለህ።

ከዚያ ፋይሉንም ካሴቶቹንም ይዘህ ሄድክ። ካሴቶቹ ሽሽ የሚል ድምፅ አለባቸው፣ ላጽዳቸውና ልመልስልሽ ብለህ ነበር። የመለስከው አንድ ፍላሽ ነው። ከፍቼ ስሰማው አባዬ በዘፈኑ መሃል የሚናገረው ሁሉ ተቆርጦ ወጥቷል። ደውዬ ስጠይቅህ "እሱማ ጫጫታ ነው እኮ፣ ሙዚቃው አለልሽ" አልከኝ። ከዚያ በኋላ ስልክህን አንስተህ አታውቅም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ ምን ያህል ብትንቀን ነው እያልኩ ብዙ ጊዜ አስቤአለሁ።

ባለፈው ወር አዳራሽ ውስጥ ስትናገር ከኋላ ወንበር ላይ ነበርኩ። ጥቁር ሹራብ ለብሰህ፣ ያን ላፕቶፕ ፊትህ ዘርግተህ፣ አራተኛዋን ድምፅ ደጋግመህ አሰማሃቸው። "ይህች ድምፅ በየትኛውም የዓለም ቅኝት አትገኝም፤ የጥንት ሰዎች ኀዘንን ለመሸከም በምስጢር ያቆዩዋት ናት" አልክ። ሰው ሁሉ በረጅሙ ተነፈሰ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ማስታወሻዋ ላይ ጽፋ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። እኔ ሳቄ እንዳያመልጠኝ ሻርፔን ነክሼ ነበር።

አሁን የምነግርህን ተቀምጠህ አንብበው። አባዬ አናጢ ነበር። የአራተኛው ክር መቃኛ፣ ክሩን የሚወጥረው እንጨት፣ ሲሰበርበት ከአሮጌ ወንበር እግር ቁራጭ ጠርቦ ተካው። ልኩ አልሆነም። ሲጀምር ቃኝቶት ይጀምራል፤ ሁለተኛው ግጥም ላይ ሲደርስ ክሩ ይረግባል። ጋዜጣ ጠቀጠቀበት፣ ሻማ ቀባው፣ ተሳደበ። የአገሩን ወንበርና ጠረጴዛ ሲጠግን የሚውል ሰው የራሱን መቃኛ ማስተካከል አቃተው። ሁልጊዜም ጨዋታውን ሳያቋርጥ "ወረደች" ይላል። እማዬ ደግሞ ከጓዳ "ትውረድ፣ አንተ ቀጥል" ትለዋለች። ሦስተኛው ካሴት ላይ ሁለቱም አሉ፤ ጫጫታ ብለህ የቆረጥከው ይህንን ነው። እኔ የክሩን ችግር ስለማውቅ፣ መጀመሪያ ረግቦ የሚቆምበትን ለክቼ በኋላ ላስተካክለው ትቼው ነበር። አንተ ሳልጨርስ ይዘኸው ሮጥክ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ወጥተህ፣ የወንበር እግር ይዘህ የጥንት ምስጢር ነው እያልክ ትሰብካለህ።

ወረቀትህ በደረሰኝ ዕለት ሁሉንም ለአዘጋጆቹ ጻፍኩላቸው። ሽልማቱ ለወንበሩ ይሰጥልኝ ብዬ ነው የጨረስኩት። ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽህም። አራተኛውን ክር አባዬ ሊያደርገው በሚፈልግበት ቦታ አስተካክዬ ከደብተሬ የሠራሁትን ሁለተኛ ፋይልም አብሬ ልልክ አሰብኩ። ፖስታውን ከማሸጌ በፊት ግን እማዬ ትስማው አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ልብስ እያጣጠፈች ነበር። በተስተካከለው ቅኝት አንዱን ዘፈኑን አሰማኋት። ማጣጠፏን ሳታቆም ሰማችና "ጥሩ ነው። ማን ነው?" አለችኝ።

ሌላ ነገር ማድረግ ስላልቻልኩ ደብተሬ ላይ በቀረው በድሮው ልክ ያንተን፣ ማለቴ የወንበሩን እግር ከፈትኩላት። ሁለተኛው ግጥም ላይ ሲደርስ የያዘችውን ሸሚዝ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

"ይኸው እሱ" አለች። "እዚህ ጋ ወረደች ይላል።"

ጠበቀች። ድምፁ አለፈ። ማሽን ስለሆነ ምንም አላለም።

"ንግግሩን ቆረጥሽው እንዴ?" አለችኝ።

እኔ አይደለሁም አልኳት። ግን ሙሉ በሙሉ እውነቴን አልነበረም። ወር ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተጎንብሼ ስደክም የነበረው አባዬን፣ ከክሩ ጋር ሲታገል ከነበረው ከራሱ ከአባዬ፣ ላጸዳው ነበር። አንተ ቃሉን ቆረጥክ፣ እኔ ክሩን። ካንተ ጋር አንድ ሚዛን ላይ መቀመጤ ከሁሉም በላይ አስጠልቶኛል።

እንግዲህ ጉዳዩ ይኸውልህ። ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ወረቀቶች አሉ። አንዱ ለአዘጋጆቹ የጻፍኩት ነው። ሌላው ያንተው ነው፤ አሥር ዓመት የሚለውን ከነውሸቱ ፈርሜበታለሁ። ሦስተኛውን ካሴት አምጣና ያንተን ውሰድ። መድረኩም፣ ምስጢሩም፣ ኀዘን የምትሸከመዋ ድምፅም ያንተ ይሁኑ፤ አልደርስብህም። ካልመጣህ ከሁለቱ ወረቀቶች የትኛው ወደ ፖስታ ቤት እንደሚሄድ ለአንተ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ይህቺ እንኳን ትገባሃለች።

ካሴቱን ግን እንዳለ አምጣው። እንዳታጸዳው። እማዬ ቀጥል የምትለው ሰው አላት።

የአናጢው ልጅ