ቀይ ቀለም የተቀባው ዳዶ ሳይጨፈለቅ ይታይ

ለክቡር የተሽከርካሪ ምርመራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ሁለቱም እግሮችዎ ደህና ናቸው? ጉልበትዎ ይታጠፋል? ጠዋት ከአልጋዎ ሲወርዱ ሁለት ጫማ ያጠልቃሉ? እንዲህ ዘርዝሬ መጠየቄ ለክብርዎ ከማስበው የተነሳ ነው እንጂ፣ ታናሽ ወንድሜ ካለፈው ወር ወዲህ አንድ ጫማ ብቻ የሚያጠልቅ ስለሆነ አይደለም።

እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ ሽማግሌ ነኝ። እኔ እየተናገርኩ የምትጽፈው ምራቴ ናት፤ አንዳንዱን ላለስልሰው ብላ ለምናኝ እምቢ ብያታለሁ። ማንበብ ባልችልም አርባ ሁለት ዓመት የጭነት መኪና ነድቻለሁ። ሞተር በጆሮዬ፣ ፍሬን በእግሬ ጣት አነባለሁ። የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ግን ወረቀት ካልሆነ አይገባውም ተብያለሁና፣ ይኸው ወረቀት። አንድ ቅጂም የሰፈራችን ጎሚስታ በር ላይ ስለሚለጠፍ፣ አላፊ አግዳሚው ግራ እንዳይገባው ከሥሩ እጀምራለሁ።

ከጎሚስታው ሱቅ ጀርባ በድንጋይ ግድግዳ የታጠረ ግቢ አለ። በየእረፍት ቀኑ ጠዋት መኪና ያለን ሰዎች እዚያ ተሰብስበን የገዛ መኪናችንን በገዛ እጃችን እንፈታለን፣ እንገጥማለን፤ እስከዚያው ደግሞ የማን አገር መኪና ይበልጣል እያልን እንበላላለን። የኔዋ የሠላሳ አንድ ዓመት የጃፓን ፒካፕ ናት። ኪሱ ካቻቪቴ አጥቶ ስለማያውቅ «ካቻቪቴ» የምንለው ወንድሜ የጀርመን ይነዳል። ጡረታ የወጣችው አዋላጅ ደግሞ ልጅ የምታህል የጣልያን መኪና አለቻት። ወንድሜ «ያንተዋ የማትሞተው ነፍስ ስለሌላት ነው» ይለኛል፤ እኔ «ያንተዋ መንገድ ላይ ከዋለችበት ክሪክ ላይ የተሰቀለችበት ዘመን ይበልጣል» እለዋለሁ፤ አዋላጇም «ሁለታችሁ ስትወለዱ እኔ ብኖር መልሼ ነበር የማስገባችሁ» ትለናለች። ነገሩ በአፍ ብቻ አይቀርም። የጎሚስታው ግንባር ላይ ያለው ጠባሳ ስለ ማርሽ በተነሳ ጭቅጭቅ የተገኘ ነው። አዋላጇም የጣልያን ሞተር የሰደበ አንድ ሰው ሁለት ጥርሱን በፍሪሲዮን ሰሃን አራግፋለታለች። እኔና ወንድሜ ከተደባደብን በኋላ አንዳችን ስንሠራ ሌላው ባትሪ ያበራለታል። ፍቅራችን እንዲህ ነው።

ግቢያችን ግን አንድ የማይጣስ ሕግ አለው። ፍሬን የሠራ ሰው ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ይቆማል። ባለመኪናው ከበሩ ተነስቶ ወደ እሱ ይነዳና ሦስት እርምጃ ሲቀረው ይረግጣል። ሥራውን የሚያምን ይቆማል፤ የማያምን ተመልሶ ይፈታል። በሃያ ዓመት ውስጥ አንድ ሰው እንኳ አልተጫረም። ሆዱ ግድግዳ ላይ ሊለጠፍ እንደሚችል የሚያውቅ ሰው ዳዶ እንዴት አድርጎ እንደሚያጠብቅ፣ ክቡርነትዎ መጥተው ቢያዩት ደስ ባለኝ ነበር።

እንግዲህ ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

፩ኛ. ባለቤቷ በእጁ የጠገናት መኪና ሁሉ ለሕዝብ አደገኛ ናት የሚለውን መመሪያ ስላወጡልን አመሰግናለሁ። ለሠላሳ አንድ ዓመት ማንንም ሳትነካ የኖረችው ፒካፔ፣ አደገኛ መሆኗ በእርስዎ ዘመን ታውቆላት፣ ፍሬኗ እንዲሠራ ጽሕፈት ቤትዎ ወደ መረጠው ጋራዥ ተላከች።

፪ኛ. ጋራዡ ያጠበቀውን ዳዶ ሁሉ ቀይ ቀለም እንዲቀባ ስላዘዙ አመሰግናለሁ። ቀለሙ ሲደርቅ ዳዶውንና ቱቦውን አንድ ያደርጋቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ማንም በቁልፍ ቢያዞረው ቀለሙ ይሰነጠቃል፣ መኪናዋም ፈቃዷን ታጣለች። ይህቺኛዋ ምስጋና ሽሙጥ የለባትም፤ ለምን እንደሆነ ዝቅ ብለው ያገኙታል።

፫ኛ. ስላስተማሩኝ መታዘዝ አመሰግናለሁ። ፒካፔን ማህተም ከተመታበት ወረቀት ጋር ከጋራዡ ስረከብ የፍሬኑ ፔዳል ከእግሬ ሥር ለስለስ አለብኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እዚያው መንገድ ዳር ክሪክ አስገብቼ ጎማውን አወልቅ ነበር። የጋራዡ ሰዎች «አዲስ የፍሬን ሸራ እስኪለምድ ነው፣ ከነካኸው ማህተሙ ይሰረዛል» አሉኝ። እኔም በሰባ አራት ዓመቴ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የራሴን መኪና ሳልነካ ቀረሁ።

በማግስቱ፣ በእረፍት ቀናችን ጠዋት፣ እኔና ወንድሜ ግቢው ውስጥ ክፉኛ ተጣልተን ነበር። ማህተም የተመታበትን ወረቀት ሲያይ «ጃፓንህ ሞግዚት ተቀጠረላት» ብሎ ሳቀብኝ፤ እኔም ከንፈሩን በቡጢ አበጥኩት፤ እሱም ጎኔን በጫማው አለኝ። ደም እየተፋን ታረቅን። ከዚያ የግድግዳው ነገር መጣ። ሠሪው ይቁም ብለን ወደ ጋራዡ ሰው ብንልክ «አብዳችኋል» የሚል መልስ ብቻ መጣ። ያኔ ወንድሜ ወረቀቱን ከእጄ ነጥቆ ደረቱ ላይ ለጠፈና «ይህ ፍሬን የመንግሥት ነው፤ መንግሥትን ወክዬ እኔ እቆማለሁ» አለ። ሁላችንም ሳቅን። እኔም እየሳቅኩ ነዳሁ።

ሦስት እርምጃ ሲቀረኝ ረገጥኩ። ፔዳሉ ጭቃ እንደረገጥኩ ያህል እስከ ወለሉ ወረደ። የእጅ ፍሬኑን እስክስብ የወንድሜ ቀኝ እግር በፒካፔ የፊት ብረትና በግድግዳው መካከል ነበር። ድምፁን ሰምቼዋለሁ፤ ሞተር የማዳምጥበት ጆሮዬ ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር አይሰማም። የጃፓን ብረት ጠንካራ ነው አይደለም እያልን ሃያ ዓመት የተደባደብንበትን ነገር በወንድሜ ጉልበት ላይ አረጋገጥኩት። አሸንፌያለሁ፣ ክቡር ሆይ። እንኳን ደስ አለህ ይበሉኝ።

አዋላጇ ጭኑን በመለዋወጫ የሞተር ቺንጋ አንቃ ባታስረው ኖሮ እዚያው ደሙ አልቆ ነበር። እሱን ወስደውት ሲሄዱ እኔ በደረቴ ተስቤ ከመኪናዬ ሥር ገባሁ። የግራ ፊት ጎማው ላይ፣ የፍሬን ዘይት ቱቦውን የሚያስረው ዳዶ፣ ዘይት እንደ እንባ ያንጠባጥብ ነበር። ቀይ ቀለሙ ግን ሙሉ ነው። አንዲት ስንጥቅ የለበትም። ሰውየው ዳዶውን ሳያጠብቅ ቀብቶታል! እጄን ዘረጋሁና መልሼ ሰበሰብኩት፤ ከነካሁት የኔ ጥፋት ይሆናልና።

፬ኛ. ጎማዋን ሳይፈቱ፣ ከሥሯ ሳያጎነብሱ፣ «ባለቤቱ ከማህተሙ በኋላ ፍሬኑን ነካክቷል» የሚል ሪፖርት ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። ሪፖርቱን ሰምቼ ወደ ጋራዡ ባለቤት ሄጄ በትህትና ብጠይቀው «ሽማግሌ፣ እጅህን ጠይቅ» አለኝ። እጄን መጠየቅ ስላላስፈለገኝ በግንባሬ ጠየቅኩት። አፍንጫው አሁን ወደ ግራ ስለሚያይ ጽሕፈት ቤትዎ ለምርመራ ይጥራው። ክስ ካለ አልክድም፤ የሚቆጨኝ አንዴ ብቻ መምታቴ ነው። ከዚያ ወደ እርስዎ ቢሮ ብመጣ ጥበቃዎችዎ ከሁለተኛው ፎቅ ደረጃ ገፍትረው አንከባለሉኝ። ደረጃው አሥራ ስምንት መሆኑን በጎድን አጥንቴ ስለቆጠሩልኝ ለነሱም ምስጋናዬ ይድረሳቸው።

ይህ ሁሉ ግን ምንም አይደለም። እግርም ይቆረጣል፣ ጎድንም ይሰበራል። ያንን ሪፖርት ወንድሜ ሆስፒታል ተኝቶ አነበበው። እሱ ከኔ በተለየ ማንበብ ይችላል። ስገባ አየኝና «አንተ ሳትነካው አታድርም፤ እኔ ነኝ የማውቅህ» አለኝ፤ ከዚያም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ይኸው ወር ሆነው፣ አልተመለሰልኝም። እውነቱንም ነው፤ አርባ ዓመት አንድ ቡሎን ሳልነካ አድሬ አላውቅም። ባልነካሁባት በአንዲቷ ቀን ወንድሜን አጣሁት፤ ነካህ ብለው የጻፉት ደግሞ እርስዎ ነዎት። እግሩን የወሰደው ዳዶ ነው። እኔን ከልቡ ያወጣኝ ግን የእርስዎ ፊርማ ነው።

፭ኛ. በመጨረሻም በጽሕፈት ቤትዎ የተያዘችው ፒካፔ ሐሙስ ጠዋት በማሽን ተጨፍልቃ ብረቷ እንዲወገድ ስለወሰኑ አመሰግናለሁ። ዳዶውም ከነቀለሙ አብሮ ይወገዳል ማለት ነው። እንዴት ያለ ንጹሕ አሠራር ነው!

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። ሐሙስ ማሽኑ ከመነሳቱ በፊት የግራ ፊት ጎማዋ በሰው ፊት ይውለቅ። ወንድሜን አዋላጇ በተሽከርካሪ ወንበር ታመጣዋለች፤ አልመጣም ቢላት እንኳ ጎትታ ታመጣዋለች፣ ልማዷ ነው። እሱ በገዛ ዓይኑ ቀለሙን ይየው። ከዚያ በኋላ ፒካፔን መጨፍለቅ ይችላሉ፤ አላለቅስላትም። ቀለሙ ተሰንጥቆ ከተገኘ የራሴን ቀኝ እግር ከማሽኑ ሥር አስገባለሁ፤ ይህን የምለው ምስክር ባለበት ነው፤ ምራቴ ይህን አልጽፍም ብላ ብዕሯን ብታስቀምጥም መልሼ አስነስቻታለሁ። ቀለሙ ሙሉ ሆኖ ከተገኘ ግን፣ ክቡር ሆይ፣ እግርዎን አልፈልግም። ሪፖርቱን በወንድሜ ፊት ቆመው በገዛ አፍዎ ያንብቡትና በገዛ እጅዎ ይቅደዱት። ያም ከከበደዎ የግቢያችን ግድግዳ ክፍት ነው፤ ማህተም ያለባት መኪና እናቀርባለን፤ ደረትዎ ላይም መመሪያዎን እንለጥፋለን።

በጫማዎ ጥንድነት ዘወትር የምደሰት፣ ደረጃዎን በጀርባዬ የማውቅ፣ ትእዛዝዎን አንድ ጊዜ ብቻ ፈጽሜ የወንድሜን እግር የጨፈለቅኩ፣ ሐሙስ ከማለዳው ጀምሮ ከማሽኑ በር ላይ የሚያገኙኝ፣

የፒካፗ ባለቤት (በአውራ ጣት አሻራ)

ማስታወሻ፦ ትናንት ጠዋት ሹፌርዎ ጥቁሯን መኪናዎን ጎማ ለማስነፋት ጎሚስታው ዘንድ አምጥቷት ነበር። ፍሬኗ በዚያው ጋራዥ እንደተሠራ ማህተሟ ይናገራል። ከሄደች በኋላ፣ የግራ ፊት ጎማዋ በቆመበት ሲሚንቶ ላይ መዳፍ የሚያህል ዘይት ቀርቷል። ጎሚስታው እዚያው ሳለች አጎንብሶ አይቷት ነበር፤ ቀይ ቀለሙ በጣም ያምራል አለኝ። ሊያጠብቀው ቁልፍ ቢያነሳ እጁን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ማህተም ያለበትን መንካት በመመሪያዎ ክልክል ነው። ቤትዎ ቁልቁለቱ አናት ላይ መሆኑን ሰምቻለሁ።