የጉብታው እንግዳ

ግንቦት 6
ጭጋግ። ወንዙ ጠፍቶ ዋለ። ጀልባ ብቅ ሲል ሕልም መሰለኝ... ጢሙ ቀይ የሆነ ነጭ። የዘንባባ ዘይት ይፈልጋል፤ በአገሩ ለማሽኑም ለሳሙናውም አልበቃ ብሏል። ሚስዮን ስለተማርኩ አስተርጓሚው እኔ ሆንኩ።

ግንቦት 9
አጎቴ ንላንዱ፣ የመንደሩ ሹም፣ ጉብታውን ሰጡት። ዘንባባውም፣ የእናቶቻችን መቃብርም እዚያው ነው። ምን ችግር አለው? በእኛ ወግ መሬት አይሸጥም። እንግዳ ጨርቅ ሰጥቶ ይቀመጣል፤ በዓመቱ አንድ ቅል የዘንባባ ጠጅ ይዞ ይመጣና ተንበርክኮ ሦስቴ ያጨበጭባል። «ባለቤቱ እርስዎ ነዎት» ማለት ነው።

ቀይ ጢሙ ወረቀት አወጣ። ሌሎች ነጮች እንዳይቀድሙት ቸኩሏል።
«ምን ይላል?» አሉኝ አጎቴ።
ጽሑፉ ከምንነጋገርበት ሌላ፣ በማላውቀው ቋንቋ ነው። አላውቅም ለማለት አፈርኩ። ሰውዬው ያለኝን ደገምኩ፤ «የወዳጅነት ነው።»
«ወዳጅ ደግሞ ወረቀት ምን ያደርግለታል?»
ሳቅን። አጎቴ በፊርማ ፋንታ የመስቀል ምልክት አደረጉበት። ለእኔ ቀይ ኮት ደረሰኝ።

ግንቦት 10
ኮቱን ለብሼ ራሴን ውሃው ውስጥ አየሁ። አምሮብኛል።

ጥቅምት 21
ጉብታው ላይ ባንዲራ፣ ጠብመንጃ የያዙ ወታደሮች። አክስቴ ሉዜሎ ፍሬ ልትለቅም ወጥታ ባዶ ቅርጫት ይዛ ተመለሰች።
«የማን ዛፍ ነው ይሉኛል! እናቴ የተቀበረችበትን!»

ኅዳር 2
የሚስዮኑ መምህር ለእኛ የተተወውን የወረቀቱን ቅጂ አነበበልኝ። «ጉብታው ለእርሱና ለወራሾቹ፣ ለዘላለም።» ለአጎቴ ነገርኳቸው።
«ቆይ እንጂ» አሉኝ። «ዓመቱ ሲደርስ ጠጁን ይዞ ይመጣል።»

ግንቦት 9
ዓመቱ ሞላ። አጎቴ ምንጣፍ አስነጥፈው ከጠዋት ጀምሮ ተቀመጡ። ጭጋጉ መጣ፣ ሄደ... ማንም አልመጣም።

ግንቦት 17
አክስቴ ሉዜሎ ዛሬ ጠዋት አረፈች። «ከእናቴ ጎን ቅበሩኝ» ብላ ነበር።

አጎቴ ጠጅ በቅል አስቀድተው ራሳቸው ተሸከሙት። «ልያዝልዎት» ብል እምቢ አሉ። ጉብታው ላይ፣ ቀይ ጢሙ ፊት፣ ቅሉን አስቀመጡ። ተንበረከኩ። ሦስቴ አጨበጨቡ።

ሰውዬው ፈገግ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። «ምን ማለቱ ነው?»

«ሰላምታ ነው» አልኩት።

ወታደሮቹ አሳለፉን፤ ከእናቷ ጎን ቀብረናት ወረድን። ቀይ ኮቴን ለወንዙ ሰጠሁት።