ያልተመዘገበችው ጳጉሜን

ነሐሴ 27፣ ጠዋት 1 ሰዓት
ውሃ መጣ። ከዓይናለም የውሃ ጉድጓዶች በፈረቃ ነው የሚለቁልን። በርሜሉ እስኪሞላ ደጃፍ ተቀምጬ ስለ ማገር የሚጻፉልኝን ጥያቄዎች እመልሳለሁ። ጥቂት ምስጋና፣ ብዙ ስድብ። በነፃ የሰጡት ነገር እንዲህ ነው።

ትናንት የኮሌጃችን ዲን ማገር ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ከየትኛውም ዳታቤዝ ጋር በአንድ ቋንቋ እንዲነጋገር የሚያደርግ ኮድ ነው አልሁት። እኔ ጀመርሁት፣ ማንም ወስዶ ይጠቀምበታል። ምን ታገኝበታለህ አለ። ምንም። በሐዘኔታ አየኝ።

ከሰዓት
ሃፍቶም ደወለ። ተማሪዬ ነበር፣ ዛሬ አ.አ. የራሱ ድርጅት አለው። አምና ዓይኔን ስታመም የማገርን ቁልፍ፣ ማለትም ለውጥ የመቀበል ሥልጣኑን፣ ሰጥቼው ነበር። አልመለሰም።

በኮዱ ላይ አብረውን የሚሠሩ የውጭ አገር ተባባሪዎች በማገር ውስጥ ዓመቱ ዐሥራ ሁለት ወር ብቻ ይሁን፣ ዐሥራ ሦስተኛ ወር መፈተሽ ሥራውን ያዘገያል ብለዋል። ተስማምቷል። ተቃወምሁ። ሣቀብኝ።

«መምህር፣ በጳጉሜን ማን የቤት ኪራይ ይከፍላል? ማንስ ደመወዝ ይቀበላል? ታዲያ ማን ይመዘግባታል?»

ነሐሴ 29
ለውጡ ወጣ። ሞከርሁት። ጳጉሜን ስትገባበት ስሕተት ነው አይልም። መዝገቡን ባዶ አድርጎ ዝም ይላል። በማገር የፊት ገጽ ላይ ማስጠንቀቂያ ለጠፍሁ፤ በጳጉሜን የሚሠራ ሰው አዲሱን እንዳይጭን።

ማታ ሳየው የለም። ሃ. አጥፍቶታል። ከትልቅ ደንበኛ ጋር እየተደራደረ ነው፣ ደንበኛው ገጹን ያነባል። በጃኻ፣ እባክህ መምህር፣ አታሳፍረኝ አለ። ስልኩን ዘጋሁ። የገዛ ቤቴን በር ደጅ ቆሜ እንደማንኳኳት ነው።

ጳጉሜን 2፣ ጠዋት
ለተብርሃን ገና ሳይነጋ ወጣች። የግቢያችን ተከራይ ናት፣ ልብስ ፋብሪካ ትሰፋለች። የሰፈራችን የዓዲ ሓቂ ውሾች ኮቴዋን ለምደው አይጮኹባትም። በመስኮት አየችኝ።

«መምህር፣ ዛሬም ከኮምፒውተሩ ጋር ነው ያደርኸው? ቤተ ክርስቲያን ወስደኸው አጋቡን በል እንጂ።»

አንቺስ በጳጉሜን በነፃ ትሠሪ የለ አልኋት። ጳጉሜን የእግዜር ናት፣ ለእሱ እየሰፋሁ ነው አለች። ሄደች።

ጳጉሜን 6
ዘንድሮ ስድስት ናት። ለተብርሃን ዛሬም ገባች፣ ለዋዜማው ሥጋ ይዛ ተመለሰች። እኔ አዲሱን ኮድ የጫኑት እነማን ይሆኑ እያልሁ ዋልሁ።

መስከረም 5
ለተብርሃን ተባረረች። በተከታታይ አምስት የሥራ ቀን ቀርተሻል ተባለች።

ደጋግሜ ጠየቅኋት። ፋብሪካው መግቢያ ላይ ሠራተኛው ጣቱን የሚያሳርፍበት መሣሪያ አለ። መሣሪያው ለሚጽፍበት ፕሮግራም ማገርን ይጠቀማሉ፣ ቀኑም በእኛው አቆጣጠር ነው። በጳጉሜን ማንም አልተመዘገበም። አስተዳደሩ ነገሩ ሲገባው አለቆች ለየሰዎቻቸው በእጅ ይፈርሙ አለ። ፈረሙ። የእሷ አለቃ ግን አልፈረመላትም። ሰኔ ላይ መጸዳጃ ቤት እንዳንሄድ ይከለክለናል ብላ ከስሳው ነበር።

ማሽኑ ሁሉንም ረሳ። ሰው መርጦ አስታወሰ።

ደመወዝ የማይታሰብባት ወር ናት፤ መቅረት ግን ታሰበባት። ይህን ለእሷ አልነገርኋትም። ራሷ አለችው።

መስከረም 8
ፋብሪካው ሄድሁ። ዘበኛው ብዙ አስጠበቀኝ። የኮምፒውተር ባለሙያው ሰይድ ወጣ፣ የወሎ ልጅ ነው፣ ስሜን ከማገር ያውቀዋል። እንደ ዘመድ አቀፈኝ። የመጣሁበትን ስነግረው እጁን ሰበሰበ።

«ጋሼ፣ ወላሂ አዲሱ ሲወጣ ጫንሁት፣ እንደ ልማዴ። ማስጠንቀቂያ የሚባል አላየሁም።»

አላየም። ከመሣሪያው ላይ የጣት አሻራው ይገኝ እንደሆነ ጠየቅሁ። ትንሽ ነው የሚይዘው፣ የመስከረሙ ገብቶ የጳጉሜኑን ደምስሶታል። ፍ/ቤት ትናገርላታለህ? ልጆች አሉኝ አለ። አልፈርድበትም። ፈርጄበታለሁ።

መስከረም 24
ለተብርሃን ፋብሪካውን ከስሳለች። ፍ/ቤቱ ከክረምት ዕረፍት ሲመለስ ይሰማል። ምስክር የላትም። አብረዋት የሚሰፉት ሴቶች በመንገድ ሲያዩዋት ሻሽ ያስተካክላሉ።

ሃ. ደወለ። ከማን እንደሰማ አልጠየቅሁም። ድምፁ ለስላሳ። ጳጉሜንን እመልሳታለሁ አለ፣ በዚህ ሳምንት፣ ቁልፉንም ጭምር። አንተ ብቻ ፍ/ቤት ቆመህ ማገር ሰው ያጠፋል አትበል። ደንበኛው ሊፈርም ነው።

«ማገር እኮ ያንተ ስም ነው መምህር። የራስህን ልጅ ትከሳለህ?»

ላስብበት አልሁት።

መስከረም 26
አሰብሁበት። ይኸው፣ ደብተሬ፣ እጽፍልሃለሁ፣ ለሌላ ሰው አልነግርም። ቁልፉን አጥብቄ እፈልገዋለሁ። ጳጉሜን ብትመለስ በየመ/ቤቱ ስንት ሰው ይተርፋል። ለተብርሃን አንዲት ናት። ሒሳቡ ትክክል ነው። እንዲህ ያለ ትክክል ሒሳብ ሃፍቶምም ነሐሴ ላይ ነግሮኝ ነበር።

ጥቅምት 6፣ ማታ
ቧንቧው ጋ አገኘኋት። ነገ እመሰክራለሁ አልኋት። የሠራሁት እኔ ነኝ፣ በጳጉሜን ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ባልዲዋን አስቀመጠች። አላመሰገነችኝም።

«አንተው ሠርተኸው፣ አንተው ልትመሰክርበት?»

አዎ።

«ቀድመህ ታውቅ ነበር ማለት ነው። የፋብሪካውን መንገድስ አታውቅም ነበር?»

ማስጠንቀቂያ ጽፌ ነበር አልሁ። ለማን አለች። ባልዲዋን አነሣች፣ ሁለት እርምጃ ሄዳ ዞረች።

«ጫማህን ጥረገው። ዳኛ ፊት በጭቃ አይቆምም።»

ጥቅምት 7፣ ጠዋት 2 ሰዓት
ውሃ መጥቷል። በርሜሉ ባዶውን ይዋል። ሃ. ይደውላል፣ አላነሣም። ቁልፉን አይመልስልኝም፣ ይታወቃል። ማገር ከዛሬ ወዲያ የእሱ ነው።

ዳኛው ማገር ምንድን ነው ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ለዲኑ የነገርሁትን አልነግራቸውም። ሠራተኛ ገብቶ ሲውል ያልገባ የሚያስመስል ነገር ነው፣ የጀመርሁትም እኔ ነኝ እላለሁ። ከዚያ ስሜን ከነአባቴ…

በሩ ተንኳኳ። እሷ ናት። ጫማዬን አልጠረግ…